ከአይረን ጋር የተዋጠ የግፊት ክኒን፦ የአንዲት ነፍሰ ጡር ጉዳይ ከጎንደር

የመድኃኒቱ መጠን በእጥፍ ተጨመረ። ግፊቱ ግን አልወረደም፤ እንዲያውም ወጣ። እንዲህ ሲሆን ቶሎ የሚመጣው ግምት «በሽታው ጸንቷል» ወይም «መድኃኒቷን አትወስድም» የሚል ነው። በዚህ ጉዳይ ሁለቱም ልክ አልነበሩም።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ጉዳዩን ያየሁት ጎንደር ውስጥ ከእርግዝና ክትትል ክፍል ባልደረቦቼ ጋር ሆኜ ነው። እናትየዋ ታሪኳ እንዲጻፍ ፈቅዳለች። ስሟንና ማንነቷን የሚጠቁመውን ሁሉ አውጥቻለሁ።

አመጣጧ

34 ዓመቷ ነው። አዘዞ በኩል ከባለቤቷና ከአማቷ ጋር ትኖራለች። ሁለት ልጆች አሏት። ከሁለተኛው ልጅ በኋላ ግፊት እንዳለባት ተነግሯት ኤናላፕሪል 10 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ ትወስድ ነበር። ሦስተኛውን ማርገዟን እንዳወቀች ሳትውል ሳታድር ለክትትል መጣች።

ቶሎ መምጣቷ ትልቅ ነገር ነበር። ኤናላፕሪል ለነፍሰ ጡር የሚሆን መድኃኒት አይደለም። በተለይ ከሦስተኛው ወር በኋላ ከተወሰደ የጽንሱን ኩላሊት ይጎዳል፣ የሽርት ውኃውን ያሳንሳል፣ ጽንሱን እስከ መግደልም ይደርሳል። ግፊት ያለባት ሴት ማርገዟን እንደጠረጠረች ወዲያው ለሐኪሟ መንገር ያለባት ለዚህ ነው። መድኃኒቱን ራሷ አቁማ ቤት መቀመጥም መፍትሔ አይሆንም፤ በሌላ መተካት አለበት።

የመጣች ቀን የ10 ሳምንት እርጉዝ ነበረች። ግፊቷ 148/96 ነበር። ኤናላፕሪሉ ቆመ። በምትኩ ሜቲልዶፓ 250 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ተጀመረላት። ከ12ኛው ሳምንት ጀምሮ ደግሞ በእርግዝና ላይ ለሚመጣው የግፊት በሽታ መከላከያ እንዲሆን ዝቅተኛ መጠን ያለው አስፕሪን ታከለ። በ13ኛው ሳምንት ግፊቷ 134/86 ወረደ።

በዚያው ቀጠሮ አማቷ አብረዋት መጥተው ነበር። ክኒኑን አሳይተው የጠየቁትን አልረሳውም።

«ልጄ፣ ይኼ ነገር ጭንቅላት የሚነካ ነው አሉኝ። ቀን ቀን ታንጎላጃለች። የልጁንስ ጭንቅላት አይነካም?»

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ሙሉ መልስ ይገባዋል።

ጭንቅላት ውስጥ የሚሠራ መድኃኒት

አብዛኞቹ የግፊት መድኃኒቶች የሚሠሩት ከአንገት በታች ነው። ኒፌዲፒንና አምሎዲፒን የደም ሥሩን ግድግዳ ያላላሉ። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ኩላሊት ጨውና ውኃ እንዲያስወጣ ያደርጋል። ኤናላፕሪል የደም ሥርን የሚያጠብ ንጥረ ነገር እንዳይመረት ይከለክላል። የሜቲልዶፓ መንገድ ሌላ ነው። እውነት ነው፣ ሥራውን የሚሠራው አንጎል ውስጥ ነው።

ከማጅራት ከፍ ብሎ፣ አንጎል ከኅብለ ሰረሰር ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ የደም ግፊትን ቀን ከሌት የሚቆጣጠሩ የነርቭ ሴሎች አሉ። ከዚያ የሚነሳው ትእዛዝ በሲምፓቴቲክ ነርቮች በኩል ወደ ልብ፣ ወደ ደም ሥሮችና ወደ ኩላሊት ይወርዳል። ትእዛዙ ሲበረታ ልብ ይፈጥናል፣ የደም ሥር ይጠባል፣ ኩላሊትም ሬኒን የሚባለውን ንጥረ ነገር ይለቃል። ያን ጊዜ ግፊት ይወጣል። ስንደነግጥ ልባችን ድው ድው የሚለው በዚሁ መንገድ ነው። እዚያው ቦታ ላይ ደግሞ ይህን ትእዛዝ እንደ ልጓም የሚይዙ፣ አልፋ-2 የሚባሉ ተቀባዮች አሉ። እነሱ ሲነቁ ወደ ታች የሚወርደው ትእዛዝ ይቀንሳል።

ሜቲልዶፓ እንደተዋጠ እነዚህን ተቀባዮች አይነካም። መጀመሪያ በአንጀት መመጠጥ አለበት። ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደም ወደ አንጎል መሻገር አለበት። በደምና በአንጎል መካከል ያለው ግርዶሽ ብዙ መድኃኒቶችን አያሳልፍም። ሜቲልዶፓ ግን ቅርጹ ከፕሮቲን ምግብ የምናገኛቸውን አሚኖ አሲዶች ስለሚመስል በእነሱ መግቢያ ይገባል። ከገባ በኋላ የነርቭ ሴሎቹ ራሳቸው በሁለት ደረጃ ይለውጡትና አልፋ-ሜቲል ኖርአድሬናሊን ያደርጉታል። ሴሉ ይህን ከራሱ ኖርአድሬናሊን፣ መልእክት ከሚያስተላልፍበት ንጥረ ነገር፣ ሳይለይ ያከማቸዋል፤ በጊዜውም ይለቀዋል። አልፋ-2 ተቀባዮችን የሚያነቃው ይህ የተለወጠው ነገር ነው። የደም ሥሮች ይላላሉ፣ ግፊት ይወርዳል። ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ግን ብዙም አይቀንስም፤ ለነፍሰ ጡር ይህ ጥሩ ባሕርይ ነው።

መድኃኒቱ ሲጀመር ይህ ሁሉ አልታወቀም ነበር። በሰው ላይ ግፊት እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ1960 ሲታተም ተመራማሪዎቹ ሌላ ምክንያት ነበር የገመቱት። ዋናው ሥራው አንጎል ውስጥ መሆኑ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው።

መድኃኒቱ ይህን ሁሉ መንገድ መሄድ ስላለበት ቶሎ አይሠራም። አንድ ክኒን ከተዋጠ በኋላ ከፍተኛው ውጤቱ የሚታየው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። አዲስ የተጀመረ ወይም የተጨመረ መጠን በደንብ ለመለየት ደግሞ ቢያንስ ሁለት ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል። ዛሬ ጠዋት ጀምሮ ዛሬ ማታ «አልሠራም» ማለት ልክ አይሆንም።

እንቅልፉም የሚመጣው ከዚያው ከአንጎል ሥራው ነው። አልፋ-2 ተቀባዮች ግፊትን ብቻ ሳይሆን ንቃትንም ይነካሉ። ክሎኒዲን የሚባለው ሌላው ጭንቅላት ውስጥ የሚሠራ የግፊት መድኃኒት የተገኘበት ታሪክ ይህን ያሳያል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቦሪንገር ኢንግልሃይም የተባለው የጀርመን ኩባንያ ለአፍንጫ መዘጋት ብሎ ነበር የሠራው። ጉንፋን የያዛት አንዲት የኩባንያው ጸሐፊ ጠብታውን ሞከረችው። ሙሉ ቀን ያህል ተኛች፤ ግፊቷም ወርዶ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ነው ለግፊት የዋለው።

ለአማቷ ይህን በአጭሩ ነገርኳቸው። «እማማ፣ ጭንቅላቷን አይጎዳም። ጭንቅላቷ ውስጥ ግፊቱን የሚያዝዘውን ቦታ ያረጋጋል። እንቅልፉ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይበረታል፣ ከዚያ ይቀንሳል።» ስለ ልጁ ደግሞ የተጠና ነገር አለ። በእንግሊዝ ኦክስፎርድ ከተማ በእርግዝናቸው ሜቲልዶፓ የወሰዱ ግፊት ያለባቸው እናቶች ከሌሎች ጋር ተነጻጽረው እ.ኤ.አ. በ1976 ውጤቱ ታትሟል። ልጆቹን እስከ ሰባት ዓመት ተኩል ተከታትለዋቸዋል። በ1982 የታተመው ክትትል መድኃኒቱ በልጆቹ እድገት ላይ ያመጣው ጉዳት አላገኘም። የዓለም ጤና ድርጅትም ሜቲልዶፓን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ያኖረው ለእርግዝና ግፊት ብሎ ነው። ዛሬ ለሌላው ሰው ብዙም አይታዘዝም።

እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያ እኔ ራሴ እሰጣታለሁ፤ አንድም ቀን አይታለፋትም» አሉ። ቃላቸውንም ጠበቁ።

ግፊቱ ተመልሶ ወጣ

በ16ኛው ሳምንት የደም ምርመራዋ ሄሞግሎቢን 9.4 አሳየ። የደም ማነስ ነው። ሰፈሯ አቅራቢያ ባለ ጤና ተቋም አይረን፣ ማለትም የብረት ክኒን፣ በቀን ሦስት ጊዜ ታዘዘላት። የሜቲልዶፓው ካርድ ያለው ሌላ ቦታ ነበር። አይረኑን የሰጠው ሰው የግፊት መድኃኒት መውሰዷን የሚያይበት ወረቀት ፊቱ አልነበረም።

በ19ኛው ሳምንት ግፊቷ 150/98 ሆነ። ሜቲልዶፓው ወደ 500 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ አደገ። በ22ኛው ሳምንት 158/104 ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያጠራጥር ነገር ነበር። በእርግዝና መካከለኛ ወራት የሴት ልጅ ግፊት በተፈጥሮው ዝቅ ይላል፤ ግፊት ባለባቸውም ላይ ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው። እሷ ግን መድኃኒቷ በእጥፍ ተጨምሮላት በዚያው ወቅት እየወጣባት ነው።

ሐኪሟ መጀመሪያ የከፋውን ማጣራት ነበረባት። ፕሪኢክላምፕሲያ፣ አስፕሪኑ የታከለበት ያ በእርግዝና ላይ የሚመጣ የግፊት በሽታ፣ ጀምሯት ይሆን? ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን የለም። ፕላትሌቷ፣ ጉበቷና ኩላሊቷ ደህና ናቸው። ራስ ምታት የለም፣ የዓይን ብዥታ የለም። ግፊቱም በትክክል መለካቱ ተረጋገጠ። አረፍ ብላ፣ ጀርባዋን አስደግፋ፣ በሁለቱም ክንዷ ተለካች። ለውጥ የለም።

ወገቤን ብላ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን እየወሰደች ይሆን? እነዚህ ግፊት ያወጣሉ። አልወሰደችም። ጾም ይሆን፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየቆየች የጠዋቱን ክኒን እየዘለለችው? የንስሐ አባቷ ገና በመጀመሪያው ወር ፈትተዋታል፤ ቁርሷን ትበላለች። ነጭ ሽንኩርት በጠዋት ትበላ እንደነበር ነገረችን፤ ያ ግን ግፊት አያወጣም።

ደም ማነሱም ሌላ ጥርጣሬ አመጣ። ሜቲልዶፓ ራሱ ቀይ የደም ሴሎችን ሊያስፈርስ ይችላል። ከስድስት ወር በላይ ከወሰዱት ሰዎች ከ10 እስከ 20 ከመቶ በሚሆኑት ላይ በቀይ የደም ሴሎች ላይ የተለጠፈ ፀረ-አካል መኖሩን የሚያሳየው፣ ኩምብስ የሚባለው ምርመራ ፖዘቲቭ ይሆናል፤ ከእነዚህ ደማቸው በእውነት የሚፈርሰው ጥቂቶቹ ናቸው። እሷ ግን ከጀመረች ሦስት ወር ገደማ ነው። ቀይ የደም ሴል ሲፈርስ የሚጨምረው ቢሊሩቢኗ ደህና ነው፣ የደም ሴሎቿም ትናንሽ ናቸው። ትናንሽ ሴሎች የሚጠቁሙት የብረት እጥረትን ነው። ሆኖም ሄሞግሎቢኗ አይረን ጀምራ ሳምንታት ካለፉም በኋላ 9.5 ላይ ነበር። ከነበረበት ፈቀቅ አላለም ማለት ነው።

ሁለት መድኃኒት ትወስዳለች፣ ሁለቱም አይሠሩም።

በካርዷ ላይ ቀኖቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየው ጤና መኮንኑ ነበር። የጤና መኮንን ሥልጠና በአገራችን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 እዚሁ ጎንደር በተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው፤ ከበሽታው ባሻገር የታካሚውን ቤት ማየትም የሥልጠናው አካል ነበር። «ግፊቱ የተነሳው አይረን ከተጀመረ በኋላ ነው» አለ። ወደ እኔ ላኳት።

ትንሿ ዕቃ

«እህቴ፣ ክኒኖችሽን ስትወስጂ እንዴት እንደምትወስጂ እስኪ ልክ እንደ ቤትሽ አሳዪኝ» አልኳት። «በሰዓቱ ትወስጃለሽ ወይ» ብዬ ብጠይቃት «አዎ» ትለኝ ነበር። እውነቷንም ነው።

መልሱን የሰጡኝ አማቷ ናቸው። ከነጠላቸው ሥር ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ አወጡ። ውስጡ ሦስት ቦታ ተከፍሏል፤ የጠዋት፣ የቀን፣ የማታ። በእያንዳንዱ ክፍል አንድ ሜቲልዶፓና አንድ አይረን አብረው ተቀምጠዋል።

«እኔ ነኝ የማሰናዳላት። ሁለቱም ሦስት ሦስት ጊዜ ነው የተባለው። እንዳይዛነፍባት ብዬ አንድ ላይ አደረግሁት» አሉ። «ጠዋት ከቡናዋ ጋር ነው የምትውጣቸው።»

እኚህ እናት የተባሉትን አንድ በአንድ ፈጽመዋል። «ሦስት ጊዜ» ተባሉ፣ ሦስት ጊዜ ሰጡ። «አትለያዩዋቸው» ወይም «ለያዩዋቸው» ያላቸው ማንም የለም። በዚህ ላይ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ፦ ጥፋቱ የቤተሰቡ አልነበረም። መድኃኒቱ የወጣባቸው ሁለት መስኮቶች አልተነጋገሩም፤ ያልተነጋገሩት ደግሞ እማማ ዕቃ ውስጥ ተገናኙ።

አይረንና ሜቲልዶፓ ሆድ ውስጥ ሲገናኙ የሚሆነው ይህ ነው። የሜቲልዶፓ ሞለኪውል ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሃይድሮክሲል ቡድኖች አሉት። ብረት እነዚህን አጥብቆ ይይዛቸዋል። የተያዘው መድኃኒት በአንጀት በደንብ አይመጠጥም። ወደ ደም ካልገባ አንጎል አይደርስም፤ አንጎል ካልደረሰ ግፊቱን አይቀንስም። እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመ ጥናት ይህን በሰው ላይ አሳይቷል። ሜቲልዶፓ ይወስዱ ለነበሩ ጥቂት ሰዎች አይረን ሲጨመር የአብዛኞቹ ግፊት ወጣ፤ አይረኑ ሲቆም ወረደ። ለኛ አገር ይህ የዳር ነገር አይደለም። ነፍሰ ጡር ሁሉ አይረን ይታዘዝላታል፤ ግፊት ያለባት ነፍሰ ጡር ደግሞ ብዙ ጊዜ ሜቲልዶፓ ትወስዳለች። ሁለቱ አንድ ቤት መገናኘታቸው አይቀርም።

ቡናውም አለበት። ቡናና ሻይ አይረን እንዳይመጠጥ ያደርጋሉ። ደሟ አልጨምር ያለበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እንቅልፉ ተመልሶ መጣ

ሐኪሟ ሜቲልዶፓውን ልትጨምር የጻፈችውን ሰረዘች። ኒፌዲፒን ለማከልና ለማስተኛት የታሰበውም ቆየ። ሜቲልዶፓው በነበረበት በ500 ሚሊ ግራም ሦስት ጊዜ ሆኖ ሰዓቱ ተወሰነ፦ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ማታ 3 ሰዓት። አይረኑ ከሦስት ጊዜ ወደ አንድ ጊዜ ዝቅ አለ፤ ሁለት ክኒን በአንድ ላይ፣ ረፋድ 5 ሰዓት፣ በውኃ። ከጠዋቱ ሜቲልዶፓ በብዙ ይርቃል፣ ከቀኑም ሦስት ሰዓት ይቀድማል። ቢያንስ የሁለት ሰዓት ልዩነት ያስፈልጋል፤ የበለጠ ሲራራቁ የተሻለ ነው። ቡናው ከአይረኑ እንዲርቅ ተነገራት።

ለእማማ አይረኑን በሌላ ዕቃ ለየንላቸው። «ይኼ የግፊቱ፣ ይኼ የደሙ። አይገናኙም» ብለው ደግመው ነገሩን።

አንድ ነገር ግን አስቀድመን ማስጠንቀቅ ነበረብን። መጠኑ በእጥፍ የጨመረው ክኒኑ በደንብ በማይመጠጥበት ጊዜ ነው። አሁን አይረኑ ሲለይ ያ ሁሉ መድኃኒት በአንድ ጊዜ ወደ ደሟ መግባት ይጀምራል። እንቅልፍ ይመጣል፤ ከተኙበት ብድግ ሲሉ ማዞር ይመጣል። ስለዚህ ከሳምንት በኋላ ሳይሆን ከሦስት ቀን በኋላ እንድትለካ ተደረገ።

እንዳሰብነውም ሆነ። ግፊቷ በሳምንቱ 142/90 ደረሰ፤ እሷ ግን ቀኑን ሙሉ ትደነዝዝ ነበር። አፏ ይደርቃል። አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋዋ ስትነሳ ዞሮባት ግድግዳ ይዛ ነው የቆመችው። ቤት ውስጥ ጭንቀት ሆነ። ባለቤቷ «ለጊዜው ለምን አይቋረጥም፣ እስክትበረታ?» ብሎ ደወለ።

ይህ ሐሳብ ከብዙ ቤተሰብ ይመጣል፤ ከፍቅር የመጣ ነው። ሆኖም ጭንቅላት ውስጥ የሚሠሩ የግፊት መድኃኒቶች በድንገት ሲቆሙ ታፍኖ የነበረው ትእዛዝ በኃይል ሊመለስ ይችላል። በክሎኒዲን ይህ የታወቀ አደጋ ነው፤ ግፊቱ ከቀድሞው በላይ ሊወጣ ይችላል። በሜቲልዶፓ ያነሰ ቢሆንም አለ። «አይቋረጥም፣ ግን ይስተካከላል» አልነው። ሐኪሟ የቀኑን መጠን ወደ 250 ቀንሳ የማታውን ወደ 750 ከፍ አደረገችው። ድምሩ ያው ነው፤ ከባዱ ክፍል ግን ወደ እንቅልፍ ሰዓት ሄደ። ስትነሳ ቀስ ብላ፣ መጀመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እንድትነሳ ተመከረች።

በ25ኛው ሳምንት ግፊቷ 132/84 ሆነ። ድንዛዜው ለቀቃት። በ28ኛው ሳምንት ሄሞግሎቢኗ 10.3 ደረሰ። ቀኑን ሙሉ ትተኛ የነበረችው ሴትዮ ለልጆቿ ምሳ ሠርታ ትምህርት ቤት ትሸኛለች።

36ኛው ሳምንት

ወራቱ በሰላም ሄዱ። ከዚያ አንድ ሌሊት ከባድ ራስ ምታት ቀሰቀሳት። ዓይኗ ብዥ አለ። ባለቤቷ ያመሸ ባጃጅ ፈልጎ አመጣት። ግፊቷ 166/112፣ ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን ሁለት ፕላስ። ቀድሞ በነበረው ግፊት ላይ ፕሪኢክላምፕሲያ ተደርቦባታል። ሜቲልዶፓ ግፊቱን ይይዛል እንጂ ይህን በሽታ ከመምጣት አያግደውም።

በዚህ ሰዓት ሜቲልዶፓ አይጠቅምም። ብዙ ሰው «ተጨማሪ ክኒን ትዋጥ» ይላል። እስከ ስድስት ሰዓት የሚጠበቅ መድኃኒት ግን 160/110 ላይ ለደረሰች ሴት አይሆንም፤ በዚያ መካከል አንጎሏ ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል። ግፊትን ቶሎ የሚያወርደው ሃይድራላዚን በደም ሥር 5 ሚሊ ግራም ተሰጣት። ከ20 ደቂቃ በኋላ ተደገመላት፤ ግፊቱ ወደ 146/94 ወረደ። እንዳያንቀጠቅጣት ማግኒዚየም ሰልፌት ተጀመረላት። ምጥ በመድኃኒት ተጀምሮላት በማግሥቱ ሴት ልጅ ወለደች፤ 2.5 ኪሎ፣ ደህና የምታለቅስ። ማግኒዚየሙ ከወሊድ በኋላም 24 ሰዓት ቀጠለ።

ተኝታ ሳለች አማቷ ወደ ጎን ጠርተው አንድ ነገር ነገሩን። ከሁለተኛው ልጅ በኋላ ለወራት ሆድ እየባሳት ታለቅስ ነበር፤ ልጁን እንኳ ማቀፍ አቅቷት ነበር። ሰው ሁሉ «የአራስ ነገር ነው» ብሎ አለፈው።

ይህ መረጃ መድኃኒቱን ይነካል። ሜቲልዶፓ አንጎል ውስጥ በሚያደርገው ለውጥ ድብርት ሊያመጣ ወይም ሊያባብስ ይችላል። ስለዚህ ከወሊድ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት ውስጥ ማቆምና በሌላ መተካት ይመከራል፤ እሷን ለመሰለች ደግሞ ይበልጥ። ሐኪሟ ወደ ኒፌዲፒን ቀየረችላት፤ ለጡት ማጥባት ይሆናል። ግፊት ከወሊድ በኋላ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ሊወጣ ስለሚችል በነዚያ ቀናት ቤቷ ድረስ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ እየሄደች ለካቻት። ስለ ስሜቷም እያንዳንዱ ቀን ተጠየቀች። በሁለተኛው ሳምንት ትንሽ ከፍቷት ነበር። ያኔ አማቷ ሌሊት ሕፃኗን እየያዙ እሷ እንድትተኛ አደረጉ። በአራተኛው ሳምንት ተሽሏት ነበር።

በስድስተኛው ሳምንት ለቀጠሮ ስትመጣ ግፊቷ 134/84፣ ሄሞግሎቢኗ 11.1 ነበር። ሽንቷ ንጹሕ ነው። ወደ ቀድሞው ኤናላፕሪል ተመለሰች፤ ለምታጠባ እናት ይፈቀዳል። ኤናላፕሪል እየወሰዱ ማርገዝ አደጋ ስላለው ስለ ወሊድ መከላከያም ተነጋገርን። ኤስትሮጅን ያለበት ክኒን ግፊት ላለባት ሴት አይመከርም። እሷ ክንድ ላይ የሚቀበረውን መረጠች። ሌላ ልጅ ባሰበች ጊዜ እሱ ከመውጣቱ በፊት ኤናላፕሪሉ እንዲቀየርላት፣ አይረንም ከግፊት ክኒኗ ተለይቶ እንዲሰጣት ካርዷ ላይ ተጽፏል።